ዕዳ ያለበት ጀልባ ሠሪና የማስፋፊያ ዕቅዱ
(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለንፋስ መውጫ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ስለ ጀልባ ነውና። በእኛ አገር ያለው ንፋስና ጉም፣ ድንችና ገብስ ነው፤ ጀልባ የሚንሳፈፍበት ውኃ የለም። ሆኖም ከጉና ተራራ ሥር የሚነሱት ርብና ጉማራ ዞረው ዞረው የሚገቡት ጣና ውስጥ ነው። ስለዚህ ከጀልባው ጋር ፈጽሞ አንተዋወቅም ማለት አይቻልም።

ጥያቄው የመጣው ከላይ ጋይንት ገጠር ከሚኖር አንድ ወንድማችን ነው። በደብዳቤው እንዲህ ይላል። የአጎቱ ልጅ ባሕር ዳር ላይ የሞተር ጀልባ እየሠራ ይሸጣል። ላለፉት ዓመታት ሥራው ቀዝቅዞበታል። ላሜራና ሞተር በዱቤ የሰጡት ነጋዴዎች ገንዘባቸውን ይጠይቁታል። ቀብድ የከፈሉ ሁለት ደንበኞችም ጀልባቸውን እስካሁን አልተረከቡም። አሁን ግን ይህ የአጎቱ ልጅ ለልቅሶ በመጣበት ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ «ትልቅ ሼድ ልከራይ ነው፣ ከእስካሁኑ እጥፍ የሚጭን ጀልባ ልሠራ ነው፣ ገንዘብ አዋጡልኝና አብረን እንደግ» ብሏል። ወንድማችን ሁለት በሬና የስንዴ ዋጋ አጠራቅሞ ያስቀመጠው ገንዘብ አለ። «ልስጠው ወይስ ልተወው? ብሰጠው ብድር ነው ወይስ ሽርክና? ባልሰጠውስ ዝምድና መቁረጥ ይሆንብኛል ወይ?» ሲል ይጠይቃል።

ደብዳቤውን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ስለ ዝምድና የተማርኩት ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ስለ ሥራው ሳላውቅ ስለ ገንዘቡ ልናገር እንደማልችል ተረዳሁ። የፊቅህ መምህሮቻችን አንድን ነገር ከመፍረድ በፊት የነገሩን ምንነት ማወቅ ይቀድማል ይሉን ነበር። ስለዚህ ስለ ጀልባ ሥራ የሚያውቁትን ጠየቅሁ፣ የተጻፈውንም አነበብኩ። ታገሱኝና ከዚያው ልጀምር።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ያን ያህል አይደለም፤ በጣም ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። አባቶቻችን ይህን ሐይቅ ሲሻገሩበት የኖሩት ከደንገል በሚታሰር ታንኳ ነው። ታንኳ ለመሥራት ብድር አያስፈልግም፤ ደንገሉ ከዳር ይታጨዳል፣ እጅ ያስረዋል፣ ውኃ ሲጠጣና ሲከብድ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። ጣና ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር ለመሥራት ያሰበ ሰው በእኛ ዘመን የተነሳ አይምሰላችሁ። በዓፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ፣ ንጉሡ ጣና ላይ ትልልቅ የደንገል ጀልባ አሠርተው መንኮራኩር አስገጥመውለት እንደነበር ጽፏል። የባሕር ማዶውን የእንፋሎት መርከብ በደንገል ለመሥራት መሞከራቸው ነው። ምኞቱ ትልቅ ነበር፤ ደንገል ግን ደንገል ነው።

የሞተር ጀልባ ከታንኳው የሚለየው ገንዘብ በመብላቱ ነው። አካሉ ከላሜራ ከሆነ ላሜራው፣ ከፋይበር ግላስ ከሆነ ሬንጁና ጨርቁ ከውጭ ይመጣል። ሞተሩም ከውጭ ነው። ፋይበር ግላስ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ ቅርጽ ማውጫው ይሠራል፤ ይህ ቅርጽ ማውጫ አንድም ጀልባ ሳይሸጥ ብዙ ገንዘብ ይውጣል። ወጪውን የሚመልሰው ከዚያው ቅርጽ ብዙ ጀልባ ከወጣ ብቻ ነው። «እጥፍ የሚጭን ጀልባ ልሠራ ነው» ሲባል እንግዲህ አሮጌው ቅርጽ ተጥሎ አዲስ ይሠራል ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ስሰማ ገርሞኛል። አየሩ በደጋ ስስ ነው። የእኛን ዳገት የሚወጣ አይሱዙ ሾፌር ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ቤንዚን የሚያቃጥል ተራ የጀልባ ሞተር ከባሕር ወለል በየ300 ሜትሩ ከፍ ባለ ቁጥር ከጉልበቱ ከመቶ ሦስት እጅ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር ጣና ላይ የሚሰጠው 33 ያህሉን ነው። ጀልባ ሠሪው ይህን ሳያውቅ «ይህን ያህል ሰው ጭኖ ይህን ያህል ይሮጣል» ብሎ ውል ከገባ፣ ሳያስበው ያልሆነ ነገር ሸጧል። ደንበኛው ሲመልስበት ወይ ሞተር ይቀይራል ወይ ይካሰሳል። ይህን የማነሳው የአጎትየው ልጅ አያውቅም ብዬ አይደለም፤ እዚያው ውኃው ዳር ያለ ሰው ነውና ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ማስፋፋት ሲባል ግን ስሕተቱም አብሮ እንደሚሰፋ ለማሳየት ነው። በትንሹ ጀልባ ላይ የተሳሳተ አንድ ሞተር ይቀይራል፣ በትልቁ ላይ የተሳሳተ ቤቱን ይሸጣል።

ገዢውስ ማነው? ጣና ላይ የሞተር ጀልባ በብዛት የሚገዛው ቱሪስት ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልስ ማኅበር ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ ያ ጦርነት በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ንፋስ መውጫም ገብቶ ምን እንዳደረገ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሳ። በዚህ መካከል ቱሪስት ከየት ይምጣ? ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን የወረረው እምቦጭም አለ፤ አረሙ በሞተሩ መዘውር ላይ ተጠምጥሞ ጀልባ ያቆማል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት በብር ዋጋ ተዋውሎ ቀብድ የተቀበለ ጀልባ ሠሪ፣ ሞተሩን ሳይገዛ የቆየ ከሆነ፣ በተቀበለው ገንዘብ የሞተሩን ግማሽ እንኳ ላይገዛበት ይችላል። ስለዚህ ዕዳ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ አባካኝ ነው አንበል። ይህን አስቀድሜ መናገር የፈለግሁት በዕዳ የተያዘን ሰው መስደብ በእኛ ዘንድ ስለበዛ ነው።

በሱረቱል ከህፍ የነብዩላህ ሙሳንና የኸድርን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ኸድር የነደላት ጀልባ ባለቤቶች በባሕር ላይ የሚሠሩ ሚስኪኖች ተብለው ነው የተጠሩት። ኢማሙ ሻፊዒይ ከዚህ ተነስተው ፈቂር ከሚስኪን የባሰ ችግረኛ ነው ብለዋል፤ ሚስኪን የሚባለው ጀልባ ያህል ነገር ሊኖረው ይችላልና። ጀልባ ያለው ሰው ድሀ ሊሆን ይችላል። ጀልባ የሚሠራውም እንዲሁ። ግቢው ውስጥ ሦስት ያልተጨረሱ ጀልባዎች ተደርድረው የምታየው ሰው ሀብታም ይመስልሃል፤ ላሜራው የነጋዴው፣ ሞተሩ የደንበኛው፣ ቦታው የአከራዩ ሊሆን ይችላል።

ይህ በድሀ አገር ብቻ የሚሆን እንዳይመስለን። በአሜሪካ ጀልባ ሠሪዎች ላይ የደረሰውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በሰሜን ካሮላይና ዋሽንግተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ የአገሪቱ ዋና ከተማ አይደለችም። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመ ፋውንቴን የሚባል ኩባንያ ነበር፤ በውድድር የታወቁ እጅግ ፈጣን ጀልባዎችን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የበጋ ወራት ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከእርሱ ጥቂት ወራት ቀድሞ ጄንማር የሚባለው፣ የብዙ ጀልባ ሠሪዎችን ስም እየገዛ አንድ ላይ ያሰባሰበ ግዙፍ ኩባንያ፣ ተመሳሳይ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። የሁለቱም ችግር እ.ኤ.አ. በ2008 ከመጣው የገንዘብ ቀውስ ጋር የተያያዘ ነው። እዚያ ጀልባ የሚሸጠው ነጋዴ ጀልባውን ከፋብሪካው የሚወስደው በባንክ ብድር ነው፤ ሲሸጥ ይከፍላል። ባንኮቹ ይህን ብድር ሲያቆሙ ነጋዴው ማዘዝ አቆመ፣ ፋብሪካውም ቆመ። ጀልባው አልከፋም፣ ሠራተኛውም አልሰነፈም። ሰንሰለቱ በሙሉ በወለድ ብድር ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ሁሉም ወደቀ።

ለጥያቄያችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፎርዛ ኤክስ ዋን ታሪክ ነው። ይህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሞተር ጀልባ ለመሥራት የተነሳ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 አክሲዮን ለሕዝብ ሸጠ፤ በዚያው ዓመት በሰሜን ካሮላይና ማሪዮን በምትባል ከተማ አዲስ ፋብሪካ እንደሚሠራና 170 ያህል ሰው እንደሚቀጥር አስታወቀ። የአካባቢው ባለሥልጣናት ደስ አላቸው። ጀልባው ግን ገና በገበያ አልተፈተነም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የኤሌክትሪክ ጀልባ ሥራውን አቋረጠ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም ከእናት ኩባንያው ጋር ተቀላቀለ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ያለው፣ ገንዘብ ያለው፣ ሕግ አዋቂ ያለው ኩባንያ ነው። የሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። ጀልባው ገዢ ሳያገኝ ፋብሪካው ታቀደ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ሜቴክ፣ አለ። ስለ ሜቴክ ብዙ ተወርቷል፤ የእኔ ጉዳይ ሰዎቹ ላይ አይደለም፣ እርሱን ለፍርድ ቤትና ለአላህ እተወዋለሁ። አካሄዱን ነው የማየው። ሜቴክ በ2002 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። ቀድሞ የነበሩ ፋብሪካዎች ተጠቃለሉለት፤ የጦር መሣሪያው ጋፋት፣ የጥይቱ ሆሚቾ፣ የአውሮፕላን ጥገናው ደጀን፣ የመኪናው ቢሾፍቱ። ጋፋት የሚለውን ስም የእኛ ሰው ያውቀዋል፤ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለው፣ ሴቫስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ቦታ ነው። ያ መድፍ ወደ መቅደላ ሲጎተት ያለፈው በእኛው በጋይንት በኩል ነበር። እንግዲህ ከብረት ሥራ ጋር ያለን ትውውቅ ድሮ ነው።

ይህ ኮርፖሬሽን ትራክተርና አውቶቡስ እየገጣጠመ ቢቆይ ኖሮ ምናልባት ታሪኩ ሌላ በሆነ። እርሱ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ የስኳር ፋብሪካዎችን ግንባታ ያዘ፤ ጃዊ ያለው ጣና በለስ ከነዚህ አንዱ ነው። የያዩን የማዳበሪያ ፋብሪካ ያዘ። የታላቁን የህዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካልና የብረታ ብረት ሥራ ያዘ። ከዚያም መርከብ ገዛ። ከመንግሥት የባሕር ትራንስፖርት ድርጅት ያረጁ ሁለት መርከቦችን ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ነው የገዛው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጠው መግለጫ መርከቦቹ የተገዙት ተቆራርጠው ብረታቸው እንዲቀልጥ ቢሆንም ከዚያ ይልቅ ለንግድ ለማሰማራት ተብሎ ለጥገናቸው ብዙ መቶ ሚሊዮን ብር እንደወጣባቸው ተናግሯል። በዚያው መግለጫ በስድስት ዓመታት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙም ተገልጿል። ይህ የከሳሽ ቃል ነው፤ እንደ ከሳሽ ቃል ነው የምጠቅሰው።

የግድቡ ሥራ ግን ከክስ ውጭ ሆኖ በግልጽ የሚታይ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሥራው ከሜቴክ እንዲወሰድ መወሰኑን አስታወቁ። የግድቡ ኃላፊዎች ኋላ ላይ እንደተናገሩት ከ25 ቢሊዮን ብር በላይ ከሆነው ውል ውስጥ ከ16 ቢሊዮን ብር በላይ ተከፍሏል፤ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው ግን ሩቡን አልሞላም ነበር። ሥራውን ሌሎች ኩባንያዎች ተከፋፍለው ሠሩት፤ ግድቡ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ጣና በለስንም የቻይና ኩባንያ ተረከበው። ሜቴክ ራሱ ተከፍሎ የሲቪሉ ክፍል ዛሬ ኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ይባላል። በመንግሥት ድርጅቶች ላይ የተከመረው ዕዳም አልተነነም። በ2013 ዓ.ም. ይህን ዕዳ የሚረከብ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 900 ቢሊዮን ብር የሚያህል የመንግሥት ቦንድ እንዲሰጠው በሕግ ተፈቀደ። ይህን የሚከፍለው ማነው? ጋይንት ላይ ስኳር በውድ የሚገዛው ሰው አለበት።

እንግዲህ አንድ ነገር አስተውሉ። አሜሪካዊው ጀልባ ሠሪም ሜቴክም የኛ የአጎት ልጅም አንድ በሽታ አላቸው፤ በአንዱ ሰው ገንዘብ የሌላውን ሥራ መሥራት። ላንዱ ጀልባ የተከፈለ ቀብድ ለሌላው ጀልባ ላሜራ ይገዛበታል። ያኛው ደግሞ በሦስተኛው ቀብድ ይጨረሳል። ሥራ እየመጣ እስከቀጠለ ድረስ ማንም አይጎዳም። ሥራው የቆመ ዕለት የመጨረሻው ቀብድ ከፋይ ባዶ እጁን ይቀራል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ ማስፋፋት የሚፈልገው። ማስፋፋቱ ከስግብግብነት ብቻ የመጣ አይደለም፤ አዲስ ገንዘብ ካልገባ አሮጌው ጉድጓድ ስለሚታይ ነው። «ላስፋፋ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «ተይዣለሁ» ማለት ነው።

ሸሪዓችን ስለ ሥራ ውል የሚለው አለ። አንድ ሰው ሄዶ «እንዲህ ያለ ጀልባ ሥራልኝ» ብሎ ሲያዝ ውሉ ኢስቲስናዕ ይባላል። ሐነፊዮች ሰው ሁሉ የሚፈልገው ነገር በመሆኑ ራሱን የቻለ ውል አድርገው ፈቅደውታል፤ ክፍያውም እንደ ሥራው ደረጃ ተከፋፍሎ ሊሰጥ ይችላል። ሻፊዒዮች የሚያዩት በሰለም ሥር ነው፤ በሰለም ደግሞ ዋጋው በሙሉ በውሉ መቀመጫ ላይ መከፈል አለበት፣ የዕቃው ዓይነት፣ መጠንና የሚረከብበት ቀንም መታወቅ አለበት። በእኛ አካባቢ ሁለቱንም መዝሀብ የቀራ ሰው ስላለ ልዩነቱን አስረዝሜ አልሄድበትም። በሁለቱም በኩል የሚፈለገው ግን ዕቃው ተለይቶ መታወቁና ገንዘቡ የዚያ ዕቃ ዋጋ መሆኑ ነው። ደንበኛው የከፈለው ለጀልባው ነው እንጂ ለሠሪው ሕልም አይደለም።

ከዚህ ላይ የራሴንም ላውጋችሁ። እኛም በመስጂዳችን ኮሚቴ ተመሳሳይ ነገር ደርሶብናል። የግቢውን አሮጌ በር ለመቀየር ወሰንንና አንድ የብረት ሥራ ቤት ሄድን። ስሙን አልጠራም። ባለሙያው ጎበዝ በያጅ ነው፤ በጦርነቱ ወቅት መሣሪያው ተዘርፎበት እንደገና የተነሳ ሰው በመሆኑም ሥራውን ለእርሱ መስጠቱ ምንዳ አለው አልን። የዋጋውን ከመቶ ስድሳ እጅ በቀብድ ከፈልን። ገንዘቡን ቆጥሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከጁምዓ ሰደቃ የተሰበሰበ፣ አምስት አምስት ብር ያለበት ገንዘብ ነበር። ውል የሚባል አልጻፍንም፤ «በወንድማማችነት» ብለን ተጨባብጠን ወጣን። በሱረቱል በቀራህ ውስጥ ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሟ ስለ ምን እንደሆነች ሕፃናትን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። ያን ዕለት ግን መጻፉን አሳፋሪ ነገር አደረግሁት።

ሁለት ወር የተባለው በር አምስት ወር አለፈው። ስንሄድ ግቢው ውስጥ አዲስ ጀኔሬተርና ላሜራ ማጠፊያ ማሽን አየን። «ሥራውን እያሰፋሁ ነው፣ ታገሱኝ» አለን። ማሽኑ የተገዛው በምን እንደሆነ ገባን። በዚህ መካከል የብረት ዋጋ ጨመረ። እርሱም «በድሮው ዋጋ አልሠራም፣ ጨምሩ» አለ። ከኮሚቴው ግማሹ እንክሰሰው፣ ግማሹ እንተወው አለ። እኔ ሁለቱንም አልወደድኩም። ሽማግሌ ልከን ያለበትን ሁሉ በወረቀት እንዲያወጣ አስደረግን። ሲያወጣው የእኛን ጨምሮ የሰባት ሰው ቀብድ በእጁ ላይ ነበር። ሰባት! ራሱም ቁጥሩን አንድ ላይ ሲያየው ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ፊቱ ጠቆረ። ማሽኑን እንዲሸጥ መከርነው። ለመሸጥ ሁለት ወር ሙሉ ተከራከረን፤ ማሽኑ እንጀራው መስሎት ነበርና። በመጨረሻ ሸጠው፣ የአራቱን ሰው ሥራ ጨረሰ። ከእኛ በር አንዱ ክንፍ ተገጥሟል። ሌላው ክንፍ እስከ ዛሬ ቆርቆሮ ነው፤ የከተማችንን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ ሌሊት ሌሊት ሲንኳኳ እሰማዋለሁ።

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ ልመለስ።

ዝምድና መቁረጥ ስላልከው፣ ወንድሜ፣ የዝምድና መብት ዘመድህ ያቀደውን ሁሉ መፈጸም አይደለም። ብትጠይቀው፣ ብትመክረው፣ ለቤተሰቡ የሚሆን ስንዴ ብትልክለት ዝምድናን ቀጥለሃል። ገንዘብህን ሰጥተኸው በሦስተኛው ዓመት ባትነጋገሩ ግን ያን ጊዜ ነው የሚቆረጠው። በሰርግና በልቅሶ የማይገናኙ ወንድማማቾችን ብትጠይቃቸው ብዙዎቹን ያለያየው ስድብ አይደለም፣ ያልተጻፈ ገንዘብ ነው።

ብድር ወይስ ሽርክና ላልከው፣ ሁለቱ አይቀላቀሉም። ብድር ከሆነ የሰጠኸውን ያህል ይመልሳል፤ ጀልባው ቢሸጥም ባይሸጥም ዕዳው ነው፣ ትርፍ ግን አትጠይቅበትም። ሽርክና ከሆነ ትርፉን በተስማማችሁበት ድርሻ ትካፈላላችሁ፤ ኪሳራ ቢመጣ ግን በየካፒታላችሁ መጠን ትሸከማላችሁ። «ብሰጥህ በዓመት ይህን ያህል ትሰጠኛለህ፣ ዋናውም አይነካም» የሚለው ስምምነት ሽርክና ተብሎ ቢጻፍም ወለድ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አስብ። ዕዳ ባለበት ድርጅት ውስጥ ዛሬ ሸሪክ ሆነህ ስትገባ አሮጌው ዕዳ የማን ነው? ይህን ለይታችሁ ካልጻፋችሁ የበሬህ ዋጋ የሚሄደው ለአዲሱ ጀልባ ሳይሆን ለትናንቱ ላሜራ ነው።

ለእርሱ ለጀልባ ሠሪው የምለው ይቀረኛል፤ ይህን ፕሮግራም የሚሰማ ከሆነ። ወለድ የማይቀበልና የማይሰጥ ባንክ በአገራችን ባልነበረበት ጊዜ ብዙ ነጋዴ አማራጭ አጣሁ ይል ነበር። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ብሔራዊ ባንክ መንገዱን ከፈተ፣ በነባር ባንኮች ውስጥ መስኮቶች ተከፈቱ፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፣ ሒጅራም ተከተለ። ሞተሩን ባንኩ ራሱ ገዝቶ በሙራበሓ የሚሸጥልህ ሥርዓት አለ። ግን ወደ እነርሱም ብትሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እኔ የምጠይቅህን ነው፤ ያለብህን ዕዳ በወረቀት አሳየን ይሉሃል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመጀመሪያው ዘመን የጥቂት ዲናር ዕዳ ባለበት ሟች ላይ ራሳቸው ከመስገድ ተቆጥበው፣ ከባልደረቦቻቸው አንዱ አቡ ቀታዳህ ዕዳውን በራሱ ላይ ሲወስድ ነው የሰገዱት። የሁለት ደንበኞች ቀብድ ከዚያ ይበልጣል። የእነርሱን ሁለት ጀልባ ጨርስ። ሼዱ ይቆይ። ቅርጽ ማውጫው ይቆይ። በእጅህ ካለው ውስጥ ለሥራህ የማትቸገርበትን ሽጥ። ከዚያ በኋላ የሚያንስህ ቢኖር፣ በዕዳ የተያዙ ሰዎች ከዘካ ተቀባዮች ስምንቱ ክፍሎች ውስጥ የተቆጠሩ በመሆናቸው፣ ጉዳይህን ለዑለማዎች አቅርበህ ዘመዶችህ በዚያ በኩል ሊረዱህ ይችላሉ። ለዕዳ መክፈያ የሚሰጥና ለማስፋፊያ የሚሰጥ አንድ አይደለም።

አበዳሪዎቹንም አልረሳም። ላሜራ በዱቤ የሰጣችሁ ነጋዴዎች፣ የተቸገረን ባለዕዳ መታገስ በቁርኣን የታዘዘ ነገር ነው፤ መማር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ግን ትዕግሥት የሚገባው ያለበትን በግልጽ ለሚያሳይ ሰው ነው። እየደበቀ ለሚያሰፋ ሰው መታገስ እርሱንም ቀጣዩን ቀብድ ከፋይም መበደል ነው።

ወንድማችን፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ባሕር ዳር መውረድህ አይቀርም፤ መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስትሄድ ጀልባዎቹን አትይ። ጀልባ አይተህ አትጠግብም፣ ቀለማቸውም ያማልላል። «ደብተሩን አሳየኝ» በለው። ከማን ስንት ተቀብሏል፣ ለማን ምን ቀርቶበታል፣ ሞተሮቹ የማን ናቸው፣ ፊርማ ያለው ትእዛዝ ስንት ነው። ደብተር ከሌለው አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ፤ ይህ ከገንዘቡ ይበልጥ የምትረዳው እርዳታ ሊሆን ይችላል። ምን እንዳገኘህ ጽፈህ ብትልክልን፣ ኢንሻአላህ፣ ያንተንና የአጎትህን ልጅ ማንነት ሳንገልጽ በሌላ ፕሮግራም እናነበዋለን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።